እሜቴ ባሕር ስትሻገር

ጋሽ ቡርሽ ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጋሽ ቡርሽ ይላቸዋል፣ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ መወጣጫ ጫፍ ተቀምጠው፣ እግራቸውን እያወዛወዙ ሲያንጎራጉሩ ያያቸው መንገደኛ ልቡ ስንጥቅ ይላል። የአውሮፕላን ነገር ከተነሳ ግን ወሬ ይለውጣሉ። "መወጣጫ እኮ እግሩ መሬት ላይ ነው። አውሮፕላን የቱ ጋ ነው እግሩ?" ይላሉ። አጥጋቢ መልስ የሰጣቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ማለዳ ከረባት አስረው፣ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ሳጥን ታቅፈው፣ አውሮፕላን ማረፊያ የተገኙት። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው እሜቴ ናት። እሜቴ እስስት ናት።

እሜቴን ያገኘቻት የልጅ ልጃቸው ሚጡ ነበረች። ጋሽ ቡርሽ የአንድ ሀብታም አጥር ሲቀቡ፣ ልጅቷ ቁጥቋጦው ውስጥ ስትርመጠመጥ ቆይታ፣ ጅራቷ ላይ ነጭ ቀለም የተንጠባጠበባት እስስት ይዛ ብቅ አለች። "አባባ፣ ቀባሃት!" ብላ ጮኸች። ቀለሙን በዘይት ጨርቅ አሽተው አስለቀቁ፤ እስስቷ ግን ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። መስኮቱ ሥር አሸዋ በሞላው የቀለም ባልዲ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ተተከለላት፣ ስም ወጣላት፣ ነገሠች። አረማመዷ የባለርስት ስለሆነ ነው እሜቴ የተባለችው፤ አንድ እግር ታነሳለች፣ ታስባለች፣ ትተወዋለች። አንዳንዴ ጋሽ ቡርሽ ትከሻ ላይ ሆና ሥራ ቦታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጆሯቸው ላይ ያረፈችውን ዝንብ በምላሷ ላፍ ስታደርጋት ሮለሩን ከነቀለሙ አሠሪያቸው ጫማ ላይ ጥለውታል፤ ከዚያ ቤት ዳግመኛ አልተጠሩም።

ከዚያ የሚጡ እናት፣ የጋሽ ቡርሽ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ሥራ አገኘችና ልጅቷን ይዛ ሄደች። ቤቱ ውስጥ አያትና እስስት ቀሩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሚጡ ስትደውል ወሬዋ አያልቅም ነበር፤ እየቆየ ግን ስልኩ ላይ "ደህና ነኝ"፣ "እሺ"፣ "ቻው" ብቻ ሆነ። "መቼ ነው የምትመጣው?" ትላቸው ነበር። እሳቸውም ሰበብ አያጡም፤ ሥራ ላይ ነኝ አሉ፣ ጉልበቴን አመመኝ አሉ፣ ደግሞ ሌላ አሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ልጅቷ ቆጣ ብላ፣ "እሜቴን ይዘህ ና! ያለ እሜቴ እንዳትመጣ!" አለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

ይቺ ንግግር ጋሽ ቡርሽን አላስቀምጥ አላስተኛ አለቻቸው። ያለ እሜቴ እንዳትመጣ። "አሃ፣ ሚጡ የናፈቀቻት እስስቷ ናት። እኔማ ተሸካሚ ነኝ" አሉ ለራሳቸው። ልጅ ይረሳል፤ እንዲረሳ ነው የተፈጠረው፤ ይህን የማያውቁ ሰው አይደሉም። ቢሆንም ከፋቸው። ሲቆይ ደግሞ፣ ተሸካሚም ቢሆን በሩን ከፍተው ያስገቡታል፣ ብለው ተጽናኑ። እሜቴ ከደረሰች እሳቸውም ደረሱ፤ እሜቴ ካልደረሰች ግን ምን ፊት ይዘው ልጅቷ ፊት ይቆማሉ? እግር የሌለው ነገር ላይ ለመውጣት የቆረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ለእንስሳ መጓጓዣ የጤና ወረቀት ያስፈልጋል ተባለና እሜቴን ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ ቀልድ የማይወድ ወጣት ነው። አፏን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ጅራቷን ለካ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ "ቀለም" ከሚለው አጠገብ "የሚለዋወጥ" ብሎ ጻፈ።

ጋሽ ቡርሽ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። "ምን ማለት ነው የሚለዋወጥ?"

"ቀለሟ ይለዋወጣላ፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰው ሲሰደብ የሚባል ነው። ቃሉን የሚያጥፈውን፣ ዛሬ ከእገሌ ነገ ከእገሌ የሚሆነውን ነው እንዲህ የሚሉት። እሷ ማንን ከዳች? ሰው አገር ገና እግሯ ሳይረግጥ ስሟ ሊጠፋ ነው?"

"ጋሼ፣ እስስት እኮ ናት!"

"እስስትነቷን ማን ካደ? ግን ቀለም ስም አለው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ነው።"

ይህን ብለው ከኮታቸው ኪስ የቀለም ናሙና ካርዳቸውን መዘዙ። እሜቴን መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ አደረጓት፤ ካርዱን ከጎኗ እያስጠጉ፣ አንድ ዓይናቸውን እየጨፈኑ፣ ሐኪሙን ሥራ አስፈትተው አመሳከሩ። በመጨረሻ አጻፉት፦ "የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ፣ ትንሽ ቢጫ የገባበት፣ የማያብለጨልጭ።" ውጭ የታመመ ውሻ የያዙ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሰረዘ፣ የተባለውን ጻፈ፣ ማኅተሙን ደበደበበት። ጋሽ ቡርሽ አመስግነው ወጡ። የእሜቴ ክብር ተጠበቀ፤ የጋሽ ቡርሽ መከራም እዚያው ተደገሰ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የምትቀበለዋ ልጅ ትሑት ናት። ፓስፖርታቸውን አየች፣ ትኬታቸውን አየች፣ የእሜቴን ወረቀት አነበበች፣ ከዚያ ከወንበሯ ብድግ ብላ በሳጥኑ ወንፊት ወደ ውስጥ አጮለቀች። ማለዳው ብርዳም ነበር፤ ታክሲው ደግሞ አንድም ጉድጓድ አልዘለለም። እሜቴ ቅርንጫፏን ጨምድዳ፣ ጠቁራ፣ ዓለምን ተቀይማ ተቀምጣለች።

"አባት፣ ይሄ ወረቀት የሌላ እንስሳ ነው።"

"የማን?"

"እኔ እንጃ። እዚህ የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ይላል። እዚህ ያለችው ቡናማ ናት።"

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ "በርዷት ነው፣ ትመለሳለች" ብሎ ነገሩን ያበርደው ነበር። ጋሽ ቡርሽ ብልህ ናቸው፤ በቀለም ከመጡባቸው ግን ብልሃታቸው ጥሏቸው ይሄዳል።

"ቡናማ? ልጄ፣ ቡናማ አይተሽ አታውቂም። ይሄ የሸክላ ቀለም ነው። ጠቆር ያለ ሸክላ፣ ውስጡ አመድ ቢጤ ያለበት።"

"ስለዚህ አረንጓዴ አይደለችም?"

"በምን ዓይን! የቱ ጋ ነው አረንጓዴው?"

"አመሰግናለሁ፣ አባት" አለች ልጅቷና አለቃዋን ልትጠራ ስልክ አነሳች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጋሽ ቡርሽ የተናገሩትን ሊውጡት ቢሞክሩም ቃሉ አልተመለሰም።

አለቃዋ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እሷ እስክትደርስ ሳጥኑ ከጠረጴዛ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ጠረጴዛ ሲነሳ ሲወድቅ ስለነበር እሜቴ በንዴት ሌላ ልብስ ለብሳ ጠበቀቻት። አለቃዋ አጎንብሳ አየችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"የቱ ነው ቡናማው? ይሄ እኮ ቢጫ ዝንጉርጉር ነው።"

"እትዬ፣ አሁን ቡናማ ነበረች! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!"

ጫጫታ የሰማው ጥበቃ ሰልፉን ጥሶ መጣ። እሱም በተራው ዓይኑን ወንፊቱ ላይ ደቅኖ ብዙ ቆየና ቀና አለ። "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጥቁር ናት" አለ።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ዝንጉርጉር፣ አንዱ ጥቁር፤ ሦስቱም የመንግሥት ዓይን ይመስል በየዓይናቸው ይምላሉ። ጥበቃው ልጅቷን መነጽር እንድታደርግ መከራት፤ ልጅቷ ጥበቃውን ሥራውን እንዲሠራ መከረችው። ሰልፉ ውስጥ የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ ትዕግሥቱ አልቆ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እስስት እኮ ናት!" ብሎ ጮኸ።

"እስስት መሆኗንማ እናውቃለን" አለች አለቃዋ ሳትዞር። "የማያውቀው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ አንድ ቀለም ነው የሚለው፤ ትለዋወጣለች የሚል የለበትም። ያ ቢኖር አባት እስካሁን ገብተው ነበር።"

ጋሽ ቡርሽ አቀረቀሩ። አለቃዋ ማኅተሙ ላይ ወዳለው የሐኪሙ ስልክ ቁጥር ደወለች። የሐኪሙ ድምፅ ከስልኩ እየተንጫጫ ወጣ፤ ጥበቃው እንኳ ሰምቶታል። "ጽፌው ነበር! የሚለዋወጥ ብዬ ጽፌው ነበር! ሰውየው ናቸው ያሰረዙኝ!"

ሁሉም ወደ ጋሽ ቡርሽ ዞረ። ሰልፉም አብሮ ዞረ። እሳቸው ሳጥኑን ይበልጥ አቀፉት።

"ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የልጅ ልጄ ናት ባለቤቷ። ያለ እሷ እንዳትመጣ ብላኛለች። እሷ ከቀረች እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

አለቃዋ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ስልኩ ውስጥ "እሺ ዶክተር፣ ምን ይሻላል?" አለች። ሐኪሙ ሳይስቅ መለሰ፤ በርዷታል፣ ፈርታለች፣ ፀሐይ ላይ አድርጓትና ዞር በሉላት፣ ዓይን ከበዛባት አይሆንላትም።

እንዲህ ሆነና ጋሽ ቡርሽ ትልቁ መስኮት ጋ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳጥኑን ከፈቱ። እሜቴ አንድ እግር አነሳች፣ አሰበች፣ እጅጌያቸው ላይ አሳረፈችው። አለቃዋ፣ ልጅቷና ጥበቃው በአንድ ረድፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሰልፉም፣ ማን እንዳዘዘው ሳይታወቅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከውጭ የሚገባ ተሳፋሪ ይህን ሁሉ ጀርባ ሲያይ አንድ መዓት የመጣ መስሎት እሱም ይዞራል። ጥበቃው አንዴ ሰርቆ ሊያይ ሲል አለቃዋ በክርኗ ጎሸመችው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጥቁሩ ሸሸ፣ ሸክላው ሳሳ፣ ከጎኗ በኩል አንድ አረንጓዴ ነገር ጀመረ፤ ወደ ጀርባዋ ወጣ፣ ወደ ጅራቷ ወረደ። ጋሽ ቡርሽ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። "አሁን" አሉ በሹክሹክታ።

ሦስቱ ዞሩ። አለቃዋ ወረቀቱን ከእሜቴ ጎን አስጠጋች።

"ቢጫው ትንሽ አነሰ" አለች ሻንጣ ተቀባይዋ ልጅ።

"እሱማ ልክ ነሽ" አሉ ጋሽ ቡርሽ፣ አመላቸው አይለቅማ። "ይሄ ገና አንደኛ እጅ ቅብ ነው። ሁለተኛው እጅ ሲደገም..."

"አባት፣ ዝም ይበሉ!" አለች አለቃዋ። ወደ ልጅቷም ዞራ፣ "አንቺ ደግሞ ምቺው፣ ሐሳቧን ሳትቀይር!" አለቻት። ማኅተሙ ተመታ። ሰልፉ አጨበጨበ፤ እሜቴም በጭብጨባው ደንግጣ ያን ጊዜውኑ ጠቆረች፤ ግን ወፍ የለም፣ ወረቀቱ አልፏል።

እሜቴ ለእንስሳት ወደተዘጋጀው ሞቃት ክፍል፣ ጋሽ ቡርሽ መስኮት ዳር ወዳለው ወንበራቸው ሄዱ። አውሮፕላኑ ሲነሳ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ግን ሥር ያለችው ትዝ አለቻቸውና አስተናጋጇን ጠሩ። እዚያ ታች ይሞቃል ወይ? ይሞቃል። ብዙ እንዳይሆን ብቻ? አይበዛም። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠሯት። በሦስተኛው ጊዜ ልጅቷ ወደ ፊት ሄዳ ተመለሰችና፣ "ካፒቴኑ እሜቴ ደህና ናት ብለዋል" አለቻቸው። ካፒቴኑ ይበሉት አይበሉት እሷ ታውቃለች። ጋሽ ቡርሽ ግን ተረጋጉ፤ ዳቦ በሉ፣ ሻይ ደገሙ፣ የጎረቤታቸውን ትከሻ ትራስ አድርገው አንቀላፉ። ፍርሃታቸው ትዝ ያላቸው አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን ዋጋ አለው።

በሄዱበት አገር ቀለም የጠየቃቸው የለም። ነጭ ካፖርት የለበሰች ተቆጣጣሪ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ቋንቋቸውን የሚችል ሠራተኛ ተጠርቶ ከጎኗ ቆሞ ያስረዳቸዋል። እንስሳዋ ጤነኛ ትመስላለች፣ ወረቀቱም ደህና ነው፤ ግን ከውጭ የገባ ተሳቢ እንስሳ ሁሉ የተሳቢ ሐኪም እስኪያየው እዚሁ ይቆያል፤ የሚቀጥለው ሳምንት መጥታችሁ ትወስዳላችሁ።

"ዛሬ ነው የምትጠበቀው" አሉ ጋሽ ቡርሽ።

"ዛሬ አይቻልም፣ አባቴ።"

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ ላውጣትና ለልጅቷ አሳይቻት ልመልሳት?"

ሠራተኛው ይህን ሳይተረጉም ራሱ አንገቱን ወዘወዘ። ጋሽ ቡርሽ ሳጥኑን አስረከቡ። እሜቴ በአንድ ዓይኗ እሳቸውን፣ በሌላው ተቆጣጣሪዋን እያየች በበሩ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጋሽ ቡርሽ ሻንጣቸውን ሻንጣ እያዞረ ከሚያመጣው ጎማ ላይ አነሱ፤ ግን አልወጡም። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከመስታወቱ በር ወዲያ ልጃቸውና ሚጡ ቆመዋል፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ምን ይበሉ? እሜቴ መጥታለች ግን አልመጣችም? ይህ ምን ዓይነት ወሬ ነው! ልጅቷ መጀመሪያ እጃቸውን ታያለች፣ ከዚያ ከኋላቸው ትፈልጋለች፣ ከዚያ ፊቷ ይከፋል። ያንን ፊት ላለማየት ሲሉ ስምንተኛ ፎቅ የሚደፍሩት ሰው ከአንዲት እፍኝ ከማትሞላ ልጅ ተደብቀው ወንበሩ ላይ ቀሩ። አብረዋቸው የመጡት ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ወጥተው አለቁ። ጎማው ቆመ። ወለል የምትጠርግ ሴት መጥታ በእጇ እግራቸውን እንዲያነሱ አመለከተቻቸው፤ አነሱ። ጠርጋ ስትጨርስ ደግሞ በሩን አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ ሰበብ አልተገኘም።

በሩ በራሱ ተከፈተ። ሚጡ ረዝማለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ሄደው ትልልቅ ጥርሶች መጥተዋል። ጋሽ ቡርሽ ገና ሲያዩዋት ሻንጣቸውን መሬት ጥለው መናገር ጀመሩ፤ ቃሉ ከአፋቸው ተደራርቦ ይወጣል። "ሚጡዬ፣ ይዣት መጥቼ ነበር፣ እዚያ ውስጥ ናት፣ ያዙብኝ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ትወጣለች፣ እውነቴን ነው፣ ደህና ናት፣ ካፒቴኑ ራሱ..." ልጅቷ ግን ቀድማ ሮጣ ሆዳቸው ላይ ተላትማ ነበር። ፊቷን ኮታቸው ውስጥ ቀብራ ዝም አለች።

"ሰማሽኝ? እሜቴን ይዘውብኛል።"

"ሰማሁ" አለች ከኮቱ ውስጥ።

"አልተቀየምሽኝም?"

"ለምን?"

"ያለ እሜቴ እንዳትመጣ ብለሽኝ የለም እንዴ?"

ሚጡ ፊቷን ከኮቱ አውጥታ ሽቅብ አየቻቸው። ትልቅ ሰው ሲጃጃል የምታይ ልጅ የምታሳየው ትዕግሥት ፊቷ ላይ ነበር።

"አንተ ነህ እኮ ያልከው! እማዬ ትኬት ልላክልህ ስትልህ፣ እሜቴን ለማን ጥዬ ልምጣ አልካት። በፊት ሥራ አልክ፣ ከዚያ ጉልበቴ አልክ፣ ከዚያ እሜቴን አልክ። ይዘኻት ከመጣህ ሌላ የምትለው አይኖርማ!"

ጋሽ ቡርሽ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ታያለች። ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩ ላይ "ደህና ነኝ፣ እሺ፣ ቻው" ያለችው ልጅ አኩርፋ እንደነበር አሁን ነው የገባቸው። የሚጠበቁት እሳቸው ነበሩ፤ የቀሩትም እሳቸው።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ "አሁን ምን እል ይሆን?"

"ምንም" አለች ሚጡ። ልክ ትንሽ ሳለች እንደምታደርገው ሁለት ክንዶቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ለዚህ ትልቅ ሆናለች፣ ሁለቱም ያውቁታል። ጋሽ ቡርሽ እጃቸው ባዶ ነበርና አነሷት።